ትርጉሙ ያልታወቀ ፊደል

በዚያ ቤት ጠዋት የሚጀምረው በሹክሹክታ ነበር። አባት ከሁሉም ቀድመው ይነሳሉ፤ ፊታቸውን ይታጠባሉ፤ ካልሲ ብቻ ባጠለቀ እግራቸው ኮሪደሩን ያቋርጡና የልጃቸው መኝታ ቤት በር ላይ ይቆማሉ። አያንኳኩም። «ልጄ» ይላሉ፣ ለራሳቸው እንኳ በቅጡ በማይሰማ ድምፅ። ትንሽ ይጠብቃሉ። «ልጄ፣ ነጋ።» አሁን ጥቂት ከፍ ብሏል። እንደገና ይጠብቃሉ፤ እንደገና ከፍ ያደርጋሉ፤ የሬዲዮ ድምፅ በጣት ቀስ እየተደረገ እንደሚጨመረው። ከውስጥ «እሺ አባዬ፣ ተነስቻለሁ» የሚል የእንቅልፍ ድምፅ ሲመጣ ብቻ ወደ ወጥ ቤት ይሄዳሉ፤ ሻይ ይጥዳሉ፤ ዳቦ ይቆርጣሉ። ልጁ ፊቱን ታጥቦ ይመጣል፤ ሚስቱ ፀጉሯን እያሰረች ትከተላለች፤ ሁሉም ሚጢጢ የሚሏት የሦስት ዓመቷ ልጃቸው አንድ ጫማዋን በእጇ ይዛ ሌላውን ትፈልጋለች። ከመንገዱ ማዶ ለብቻዋ የምትኖረው ታላቅ እህት ወደ ሥራ ስታልፍ ብቅ ትልና ቆማ ሻይ ትጠጣለች። ማንም ልብ የማይለው ጠዋት ነበር።

«አባዬ እኮ ይገርማል» ይላል ልጁ ዳቦውን እየጎረሰ። «ዕድሜውን ሙሉ አውቶቡስ ሲነዳ ክላክስ ሲያስጮህ ኖሮ፣ እኔ ላይ ሲደርስ ድምፁ አለቀበት።»

«ያኔ ያስደነበርኩት ከተማ ይበቃኛል» ይላሉ አባት።

«ሚስትህ ለምን አትቀሰቅስህም?» እህት ነች፣ ነገር ለመጫር።

«እሷ? ቤቱ ቢፈርስ ፍርስራሹን ተከናንባ ትተኛለች!»

«ሶፋ ሰሪ ያገባች ሴት ምን ያስነሳታል?» ትላለች ሚስት። «ጥፋቱ የስፖንጁ ነው።»

ሶፋ ሰሪ ነበር፣ ጎበዝ ሶፋ ሰሪ። ስፖንጅ ይቆርጣል፣ ጨርቅ ይወጥራል፣ የወንበር ጀርባ ላይ ቁልፍ በረጅም መርፌ ይሰፋል። እህቱ ስፖንጅ ትለዋለች፤ እሱ ደግሞ እሷን ፕሮፌሰር ይላታል፣ ፕሮፌሰር ባትሆንም። ታዲያ ይህ ጤነኛ መሳይ ጎልማሳ፣ ከባድ ወንበር ብቻውን ተሸክሞ ደረጃ የሚወጣ ሰው፣ ለምን ይሆን እንደ እንቁላል በጥንቃቄ የሚቀሰቀሰው? በዚያ ቤት ለምን የሚደውል ሰዓት አልነበረም? የበሩ ደወል ለምን ተነቀለ? የሁሉም ስልክ ለምን ድምፁ ጠፍቶ በኪስ ውስጥ ብቻ ይንቀጠቀጣል?

እናታቸው የሞቱት በስልክ ጥሪ ነው። ይህ ለሰሚ ቀልድ ይመስላል… ለዚያ ቤት ግን ቀልድ አልነበረም። ልጆቹ ገና ትምህርት ቤት ሳሉ፣ እናት ከሰዓት በኋላ ጋደም ብለው እንቅልፍ ወስዷቸው ነበር። ራስጌያቸው ያለው ስልክ ድንገት ጮኸ። ደንግጠው ብድግ አሉ፤ አንድ እርምጃ ተራመዱ፤ ወደቁ። የደወሉት አባት ነበሩ፤ ከአውቶቡሱ ማደሪያ፣ ዛሬ እራት ላይ አልደርስም ሊሉ። ሐኪሞች ልባቸው ነው ከማለት በቀር የሚሉት አልነበራቸውም። አባት ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደ ማንም ስልክ ደውለው አያውቁም። እህት ግን የዚያን ጊዜዋ ልጅ፣ አልቅሳ ስታበቃ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች፤ «ስልክ እንዴት አድርጎ ሰው ይገድላል?» የሚመልስላት ስላልነበረ ጥያቄው አብሯት አደገ። ዩኒቨርሲቲ ያስገባት እሱ ነው ማለት ይቻላል።

ዓመታት አለፉ። አንድ ቀን ሶፋ ሰሪው በሥራ ቦታው ጎንበስ ብሎ ሲሰፋ፣ ከኋላው ቆርቆሮ ወደቀ። እሱም ወደቀ። ወዲያው ነቃ፤ ሳቀ፤ ስፖንጁ ላይ ነው የወደቅኩት ብሎ ቀለደ። እህት ግን አልሳቀችም። የልብ ሐኪም ዘንድ ይዛው ሄደች። የልቡ የኤሌክትሪክ ምርመራ ግራ የሚያጋባ ሆነ፤ ልቡ ከምት በኋላ የሚያርፍበት ጊዜ ረዝሟል እንዳይባል አጭር፣ ደህና ነው እንዳይባል ረዘም ያለ። የእሱ፣ የሚጢጢና የእህቱ ደም ለዘረመል ምርመራ ተላከ። ሐኪሟ መልሱን ስትነግራቸው አባት፣ ልጆቻቸውና ምራታቸው በአንድ ረድፍ ተቀምጠው ነበር።

«አንድ ፊደል ተለውጣ አግኝተናል» አለች ሐኪሟ። «የልብን ምት ከሚያስተካክሉት ጂኖች በአንዱ ውስጥ። ትንሿም ልጅ ወርሳታለች። እህቱ የለባትም። የዚህች ለውጥ ትርጉም ግን አልታወቀም።»

አባት ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ሰው ገድላ ስታበቃ ትርጉሟ እንዴት አይታወቅም?»

«አባባ፣ እሷ መግደሏን ነው ያላወቅነው። ባለቤትዎ አልተመረመሩም። ይህች ፊደል ከዚህ በፊት በማንም ላይ ተጽፋ አላየናትም። ሰው ሁሉ የተለወጡ ፊደሎች አሉት፤ አብዛኞቹ ምንም አያደርጉም። ይህችኛዋ ነፍሰ ገዳይ ትሁን መንገደኛ፣ ገና አልለየንም።»

ያም ሆነ ይህ ለሶፋ ሰሪው ልብን የሚያረጋጋ ክኒን ታዘዘለት። ለሚጢጢ ግን ሐኪሟ አመነታች፤ ያለ በቂ ምክንያት ለሕፃን የሚሰጥ መድኃኒት አልነበረም። የፊደሏ ትርጉም ይታወቅ፣ ከዚያ እንወስናለን ተባለ። ያ ቤት እንግዲህ ሰው ሳይሆን ትርጉም መጠበቅ ጀመረ። የሚጢጢ እናት ልጇን ታቅፋ ደረቷ ላይ ጆሮዋን ታሳርፋለች፤ ትንሿ ልብ ቱክ ቱክ ትላለች፤ ምን እያለች እንደሆነ ግን ማን ይተርጉም?

እህት የምትሠራው እንዲህ ያሉ ፊደሎች በሚፈተኑበት ላቦራቶሪ ነበር። ሥራው ለማያውቅ ሰው ተአምር ይመስላል፤ ለሚያውቀው ግን ትዕግሥት ነው። ልብ አንድ ጊዜ ከመታች በኋላ ለሚቀጥለው ምት ራሷን ማሰናዳት አለባት። ይህን የሚያደርጉት በየሴሉ ግድግዳ ላይ የተተከሉ ከዓይን የራቁ በሮች ናቸው፤ ተከፍተው ኤሌክትሪኩን ያስወጣሉ፣ ሴሉም ያርፋል። በሮቹ ቁጥራቸው ካነሰ ልብ ሳታርፍ ሌላ ምት ይደርስባታል፤ በዚያች ቅጽበት ድንጋጤ ከተጨመረ ምቱ ይዘበራረቃል። ስለዚህ በላቦራቶሪው ውስጥ በሳህን ላይ የሚባዙ የሰው ሴሎች ይወሰዳሉ። እነዚህ የልብ ሴሎች አይደሉም፣ ያን በርም ከተፈጥሯቸው አይሠሩትም። ለአንዱ ሳህን በሩ የሚሠራበት ትክክለኛው የጂን ጽሑፍ ይሰጠዋል፤ ለሌላው ያችው ፊደል የተለወጠችበት። ከዚያ ከፀጉር የቀጠነ የመስታወት ቱቦ በአንድ ሴል ላይ በስሱ ይለጠፍና በበሮቹ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ይለካል። ሴሉ ይመሰክራል ማለት ነው። ሐኪም የማያውቀውን፣ ዘመድ የማያስታውሰውን፣ ሳህን ላይ ያለ ሴል ይናገራል።

የላቦራቶሪው ኃላፊ፣ ሠራተኛው ሁሉ ጋሼ የሚላቸው ሰው፣ የወንድሟን ፊደል እንድትፈትን ሲፈቅዱላት አንድ ነገር አጠበቁ። «በሥጋ ዘመድሽ ላይ አትፈርጂም። ሳህኖቹን እኔ ራሴ በቀለም እለያቸዋለሁ። የትኛው የማን እንደሆነ አታውቂም።»

ሶፋ ሰሪው አንድ ቀን ሊያይ መጣ። ነጭ ካፖርት አለበሱት፤ አጠረው። ዓይኑን ማጉያ መነጽሩ ላይ ለጥፎ ሳህኖቹን አንድ በአንድ ቃኘ።

«እና እነዚህ ናቸው የኔ ዕጣ የሚወጣባቸው?»

«እነሱ ናቸው።»

«የትኞቹ ናቸው የኔዎቹ?»

«አላውቅም። ባውቅም አልነግርህም።»

«ምቀኛ!» እንደገና ጎንበስ አለ። «ምን ይበላሉ?»

«ስኳር፣ ጨው፣ ትንሽ ቪታሚን።»

«ድሎት ነው በይኛ። ፕሮፌሰር፣ ስሚ፤ ትራስ ልሥራላቸው?» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ለእሷ ሳይሆን ለሳህኑ፣ «እናንተ ልጆች… እኔስ ግድ የለም። ሚጢጢን ግን እንዳታሳፍሩብኝ» አለ።

እህት ፊቷን አዞረች። ሳህኖቹን ከሠላሳ ሰባት ዲግሪው ማሞቂያ ሳጥን ወደ ቀዝቃዛው ሳጥን የምታዛውርበት ሰዓት ደርሶ ነበር። ይህ በዚያ ላቦራቶሪ የቆየ አሠራር ነው። ከልኬት በፊት ሴሎቹ ሃያ ሰባት ዲግሪ ላይ ያድራሉ፤ ቀዝቀዝ ሲሉ በሮቻቸው ይበረክታሉ፣ ኤሌክትሪኩ ጎላ ብሎ ይታያል፣ መለካት ይቀላል። ጋሼ ለእሷ ያስተማሯት ነው፤ ለጋሼም የእሳቸው መምህር። ለምን ብሎ የጠየቀ አልነበረም፤ ለምንን ሥራዋ ያደረገችው እሷ እንኳ አልጠየቀችም።

ለፍርድ ማመዛዘኛ ሁለት ምስክሮች ይቀርባሉ፤ ደህንነቱ የታወቀ አንድ ጽሑፍና መጥፎነቱ የታወቀ አንድ ጽሑፍ። ባለ ቀለም ክዳን ከሆኑት ሳህኖች አንዱ ደህና ተለካ። አንዱ ዝም አለ። ሦስተኛው፣ ቢጫ ክዳን ያለው፣ ከደህናው አልተለየም። ደጋግማ ለካችው፤ ያው ነው። ጋሼ የቀለሞቹን ትርጉም የጻፉበትን ወረቀት ገለጡ።

«ቢጫው ወንድምሽ ነው» አሉ። «ነፃ ወጥቷል፣ ልጄ!»

የዚያን ቀን ደስታ እንዴት ብሎ ይነገራል! ሶፋ ሰሪው እህቱን ከመሬት አንስቶ አሽከረከራት። ሚስቱ ወጥ ቤት ገብታ በሩን ዘግታ አለቀሰች፤ ስትወጣ ሽንኩርቱ ነው አለች፣ የተላጠ ሽንኩርት ግን አልነበረም። ሐኪሟ ጠንቃቃ ሴት ነበረች፤ ይህ ፈተና ብቻውን ፍርድ አይደለም፣ ሚዛኑን ግን ወደ ደህናው ወገን አጋድሎታል አለች። ክኒኑ ሰውነቱን አዝሎት፣ እጁን አቀዝቅዞት መርፌ መያዝ ቸግሮት ነበርና፣ ቀስ እያለ እንዲያቆመው ፈቀደች። አቆመ። እጁ ተመለሰለት። ለሚጢጢ አንድ ጣቱን የማታክል አሻንጉሊት የምትቀመጥበት ሶፋ ሠራላት፣ ቁልፎቹ ሳይቀሩ የተሰፉበት።

አንድ ማታ እራት ላይ፣ «አባዬ፣ ካሁን በኋላ ጠዋት ተኛ» አለ። «ጡረታ የወጣኸው ከአውቶቡስ ብቻ ነው እንዴ? ከእኔም ውጣ። ስልኬ ይቀሰቅሰኛል፣ እንደ ሰው ልጅ።»

አባት እህትን አዩአት። እሷ የምታውቀውን ታውቃለች ብለው ነው።

«ይችላል አባዬ» አለች። «ሴሎቹ መስክረዋል።»

በማግስቱ ጠዋት ስልኩ ጮኸ። አባት አልጋቸው ውስጥ ሆነው ሰሙት፤ ሰውነታቸው በልማድ ሊነሳ ቃጣው፤ አይ፣ ተኛ ተብያለሁ ብለው ብርድ ልብሱን ወደ አገጫቸው ሳቡት። አሁን ያጠፋዋል አሉ። ስልኩ ይጮሃል። ሰነፍ፣ ልክ እንደ ልጅነቱ አሉ፣ ለራሳቸው ፈገግ ብለው። ስልኩ ይጮሃል። አሁን ያጠፋዋል… አሁን… ፈገግታቸው ፊታቸው ላይ እንዳለ ቀረ። በካልሲም ሳይሆን በባዶ እግራቸው ኮሪደሩን ሮጡ። ሚስቱ ገና መንቃቷ ነበር፤ አንድ እጇን ደረቱ ላይ ጭና፣ «ተነስ እንጂ! ስልኩን አጥፋው እንጂ!» ትለዋለች። ያ ሰው ስልኩን የማጥፋት ነገር አልቆለት ነበር።

ምን ይባላል? አባት ለሁለተኛ ጊዜ እዚያው ገደል ውስጥ ወደቁ። ሚስት መጮህ እንኳን አልቻለችም፤ ስልኩን አንስታ አጠፋችው፣ ከዚያ እንደገና አበራችው፣ እሱ ያስተካከላትን ሰዓት እያየች ቁጭ አለች። ሚጢጢ የቤቱን ዝምታ አይታ፣ አባቷ ተኝቶ እንዳይረበሽ በጫፍ እግሯ ተራመደች፤ እንዲህ ነበር ያስተማሯት። ከቀብር መልስ ሰው ሁሉ ከተበተነ በኋላ እህት ወደ ላቦራቶሪው ሄደች። ሐዘን አንዳንዱን ያስለቅሳል፣ አንዳንዱን ያሳብዳል። እሷን ያደረጋት ጠያቂ ነው። እናትና ልጅ፣ ሁለቱም ከእንቅልፍ፣ ሁለቱም በድንገተኛ ድምፅ! ፊደሏ ንጹሕ ከሆነች ገዳዩ ማነው? ንጹሕ ካልሆነች ሴሎቹ ለምን ዋሹ?

«ልጄ» አሉ ጋሼ፣ «ሰው በብዙ ነገር ይሞታል።»

«እናቴም በብዙ ነገር ነው የሞተችው?»

ጋሼ የልኬቱን መዝገብ ወደ እሷ ገፉ። «ፈተናው ትክክል ነው» አሉ። «አንቺው ነሽ የለካሽው።»

«እሱ ነው የሚያስፈራኝ።»

ሐኪሟም በጭንቀት ላይ ነበረች። ፊደሏ ጥፋተኛ ከሆነች ሚጢጢ ዛሬውኑ መድኃኒት መጀመር አለባት። ካልሆነች ደግሞ ሌላ ያልታወቀ ምክንያት ስላለ፣ የማይረዳ መድኃኒት እየሰጡ ልጅቷን ለዚያኛው አሳልፎ መስጠት ይሆናል። «አንድ ነገር አምጪልኝ» አለቻት ለእህት። «ወይ አረጋግጪልኝ፣ ወይ አፍርሺልኝ።» እህት ልኬቶቹን ሁሉ ደግማ ሠራች፤ መሣሪያውን አስፈተሸች፤ ጽሑፉን ፊደል በፊደል አነበበች። ሁሉም ልክ ነው። ቢጫው ሳህን አሁንም ደህና ነኝ ይላል። በየምሽቱ ወደ ወንድሟ ቤት እየሄደች ሚጢጢን ታጥባታለች፣ ታስተኛታለች፤ ጆሮዋን ደረቷ ላይ ታሳርፋለች። አንቺስ ምን ትያለሽ?

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከወንድሟ ሚስት ጋር አንሶላ ያጥፉ ነበር። አንዷ በአንድ ጫፍ፣ ሌላዋ በሌላው፤ ሲቀራረቡ ጫፎቹን ያገናኛሉ፣ ሲራራቁ ይወጥራሉ። ከቀብሩ ወዲህ ስለ እሱ አንስተው አያውቁም።

«አልጋው አልሞቅ አለኝ እትዬ» አለች ሚስት ድንገት።

«ሌላ ብርድ ልብስ ላምጣልሽ?»

«ሦስት ደርቤ ነው የምተኛው። ብርድ ልብስ አይደለም እሱ…» አንሶላውን ወጠረች። «እግሬ ሁሌ በረዶ ነው፣ ታውቂያለሽ። እሱ እግር መሀል ነበር የማስገባው። ይጮሃል! ‹ሥጋ ቤት ፍሪጅ ነው እንዴ ያገባሁት!› ይላል። ግን አያወጣውም። እንደ ምድጃ ነበር እኮ። ተኝቶ እንኳን… ሌሊቱን ሙሉ እንደ ምድጃ።»

እህት የአንሶላውን ጫፍ ይዛ ደርቃ ቀረች።

«ምን አልሽ?»

«ምን እላለሁ? ሙቀቱ ናፈቀኝ ነው ያልኩት!» አለችና፣ ያን ሁሉ ጊዜ ያላወጣችውን ለቅሶ አወጣችው። እህት አቀፈቻት። እያቀፈቻት፣ እያባበለቻት፣ እንባዋም በአንገቷ እየወረደ፣ ሐሳቧ ግን ሌላ ቦታ ሄዶ ነበር፤ ከዚያም ራሷን ይቅር ያላለችው ስለዚያች ደቂቃ ነው። ሙቀት። ሌሊቱን ሙሉ እንደ ምድጃ። በላቦራቶሪው ያሉት ሴሎች ግን ሌሊቱን በቀዝቃዛው ሳጥን ነበር የሚያድሩት። ወንድሟ በሕይወቱ አንድም ሌሊት ሃያ ሰባት ዲግሪ ሆኖ አያውቅም… የመቃብሩ ሌሊቶች ካልተቆጠሩ በቀር።

ሰኞ ጠዋት ሴሎቹን በሁለት ከፈለቻቸው። ግማሾቹን እንደ ልማዱ አቀዘቀዘች፤ ግማሾቹን እዚያው በሰው ሰውነት ሙቀት ተወቻቸው። በዚህ ጊዜ በሮቹ ላይ አረንጓዴ የሚያበራ ምልክት ጨመረችባቸው፣ ሴሉ ውስጥ የት እንዳሉ በዓይኗ ልታያቸው። በማግስቱ ክፍሉን አጨለመች። መጀመሪያ ደህናውን አየች። እያንዳንዱ ሴል ዙሪያውን እንደ ቀለበት አረንጓዴ ነው፤ በሮቹ በየግድግዳው ተተክለዋል። ቀጥላ የወንድሟን፣ የቀዘቀዘውን አየች። ቀለበቱ አለ፤ ፈዘዝ ቢልም አለ። ከዚያ የወንድሟን የሞቀውን ሳህን መነጽሩ ሥር አስቀመጠች።

ቀለበት አልነበረም። የሴሎቹ ጠርዝ ጨለማ ነበር። አረንጓዴው ሁሉ መሀል ላይ ተከምሯል። በሮቹ ተሠርተዋል፤ ተሠርተው ግን ከተሠሩበት ክፍል አልወጡም፤ ግድግዳቸው ጋ አልደረሱም። ያቺ አንዲት ፊደል አጣማ ስለሠራቻቸው፣ ሴሉ ይዞ አስቀርቷቸው ነበር። ቅዝቃዜ ግን ያቃናቸዋል፤ ቀዝቀዝ ሲል እጥፋታቸው ይስተካከልና ሾልከው ይወጣሉ። በቀዝቃዛው ሳጥን ያደሩት ሴሎች አልዋሹም። የመሰከሩት ስለ አንድ ቀዝቃዛ ሰው ነው፤ እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ የለም። መጥፎነቱ የታወቀው ምስክርም አላስጠነቀቃቸውም፤ የእሱ በሮች ግድግዳው ላይ ደርሰው የማይከፈቱ ነበሩና፣ ሞቀም በረደ ያው ነው። በሩ መንገድ ላይ የሚቀር ጥፋተኛ በፈተናው ውስጥ ተቀምጦ አያውቅም።

እንዴት ያምራል! ይህ ነበር የመጀመሪያ ሐሳቧ፤ እውነቱን መናገር ያስፈልጋል። ከልጅነቷ ጀምሮ የጠየቀችው ጥያቄ መልሱ እፊቷ ተቀምጦ ያበራ ነበር። ስልክ ሰውን የሚገድለው እንዲህ ነው። ሁለተኛው ሐሳብ ሲደርስ ግን ወንበሯ አልያዛትም፤ ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

ጋሼ ገብተው አዩአት፤ መነጽሩን አዩ። ብዙ ጊዜ ጎንበስ ብለው ቆዩ። ሲቃኑ ያረጁ ሰው ነበሩ።

«መምህሬ ነው ያስተማረኝ» አሉ። «ለልኬት ይቀላል ብሎ።»

«ቀለለን» አለች እሷ።

በዚያው ቀን ለሐኪሟ ተነገራት፤ በቅዝቃዜ ተፈትነው ነፃ የወጡ የሌሎች ቤተሰቦች ፊደሎች ሁሉ በሙቀት እንደገና እንዲፈተኑ ጋሼ ወሰኑ፤ ለእያንዳንዱ ሐኪም ራሳቸው ነገሩ። ሚጢጢ መድኃኒቷን በሐኪም ቤት፣ በሐኪሟ ዓይን ሥር ጀመረች። ለቤተሰቡ መንገር ግን የእህት ሆነ። አባትና ምራታቸው እሱ በሠራው ሶፋ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ እሷ ቆማ፣ እንደ ተማሪ፣ ስለ በሮቹ ነገረቻቸው። ሳታለሳልስ ነገረቻቸው።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለች ሚስት። ድምፅዋ የተረጋጋ ነበር። «ያኔ ሞቀው ቢለኩ ኖሮ፣ ክኒኑን አያቆምም ነበር?»

«አያቆምም ነበር።»

«ስልኩም አይጮህም ነበር።»

«አይጮህም ነበር።»

ሚስት ተነስታ ወጣች። የመኝታ ቤቱ በር ተዘጋ። እህት ወለሉን እያየች ቆመች። አባት ልጃቸውን በእጃቸው ስበው አጠገባቸው አስቀመጡ።

«እናትሽ ስትሞት» አሉ፣ «ስልኩን የደወልኩት እኔ ነበርኩ። አንቺ፣ ያን ያህል ልጅ ሆነሽ፣ ጭኔ ላይ ተቀምጠሽ ምን ነበር ያልሽኝ?»

«አላስታውስም አባዬ።»

«‹ደወልክ እንጂ አልገደልክም› አልሽኝ። እኔ ግን አላመንኩሽም። ስንት ዘመን፣ አንድ ቀን አላመንኩሽም።» ወደ እሷ ዞሩ። «ዛሬ አንቺን ሳይ ነው ያመንኩት። አንቺም ለካሽ እንጂ አልገደልሽም፣ እናቴ።»

በዚያን ጊዜ በሩ ተከፈተ። ሚስት ሚጢጢን ታቅፋ፣ የመድኃኒቱን ጠርሙስና መስፈሪያውን በሌላ እጇ ይዛ ቆማለች። ዓይኗ ያበጠ ነው። ጠርሙሱን ለእህት ዘረጋችላት።

«አንቺ ነሽ የምትሰጫት» አለች። «ጠዋትም ማታም። እኔ እያየሁሽ። አልመጣሁም፣ ደክሞኛል፣ ሥራ በዛብኝ የለም። ይቅርታ አልልሽም እትዬ፣ አሁን አልችልም። ግን ከዚህ ቤት አትቀሪብኝም፤ ሰምተሻል? አንቺም አትቀሪብኝም!»

እህት መስፈሪያውን ሞላች። ሚጢጢ አፏን ከፈተች፤ ዋጠች፤ ፊቷን አጨማደደች። «አክስቴ፣ ይመራል!» ብላ ከሰሰቻት። ከዚያ ሦስቱም፣ አንድ ሶፋ ላይ፣ ልጅቷን መሀል አድርገው አለቀሱ። ልጅቷ ማን ምን እንዳጠፋ ለማወቅ የሁሉንም ፊት ተራ በተራ አየች።

ዕጣ ፈንታ የምንለው ነገር ምን ይሆን? አንዳንዱ ሰው የተጻፈ ነው ይላል። በዚህ ቤት በእርግጥም የተጻፈ ነበር፣ በአንዲት ፊደል። ነገር ግን የተጻፈው ሁሉ ማን እንዳነበበው፣ እንዴት እንዳነበበው፣ ምን ያህል በቀዘቀዘ ክፍል ውስጥ እንዳነበበው መጠየቅ አይገባም ነበር? ያ ላቦራቶሪ ዛሬ ማንኛውንም ፊደል በሰው ሙቀት ይፈትናል፤ የሶፋ ሰሪው ፊደል፣ ያለ ስም፣ በመጥፎ ምስክርነት ከእያንዳንዱ ፈተና ጋር ይቀመጣል። ሌሎች ቤተሰቦች ማን እንዳተረፋቸው ሳያውቁ ክኒናቸውን ይውጣሉ። መልስ ሁሉ አንድ ነገር ይዞ ይመጣል፣ አንድ ነገር ወስዶ ይሄዳል… ሳይወስድ የመጣ መልስ ያየ ሰው ካለ ዕድለኛ ነው።

ሚጢጢ አድጋ ትምህርት ቤት ገብታለች። ማንበብ ለምዳለች፤ ያገኘችውን ሁሉ ጮክ ብላ ታነባለች፤ ስለምታነበው ሁሉ ለምን ብላ ትጠይቃለች። ልቧ ደህና ነው። አባቷ የለም።